የሳይንስ ምርምር ቋንቋ፦ ከጣና ዓሦች እስከ ቆጋ ማሳ

«የሳይንሳዊ ዘዴ ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈተና ተለይቶ አያውቅም። ተማሪውም ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ ብሎ ይጽፋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። ነገር ግን ያው ተማሪ ከፈተናው አዳራሽ ወጥቶ «የጣና ዓሣ ለምን አነሰ?» ወይም «ማሳችን ማዳበሪያ እየበላ ምርት የሚከለክለን ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሸመደዳቸው ቃላት ምንም ሳይረዱት ሊቀሩ ይችላሉ። ምክንያቱም ቃላቱን የያዛቸው እንደ ዝርዝር እንጂ እንደ መሣሪያ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ቃላት ከዝርዝርነት አውጥቶ በሥራ ላይ ማሳየት ነው። ለዚህም ሁለት ምሳሌዎች ተመርጠዋል። የመጀመሪያው በጣና ሐይቅ ባርበስ ዓሦች ላይ ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው ምርምር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ሚዛን፣ ሜትርና ትዕግሥት ይዞ በቆጋ የመስኖ ማሳ ላይ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።

ምልከታ፦ ሁሉም የሚያየውን ማስተዋል

ምልከታ ማለት ዓይንን ከፍቶ ማየት ብቻ አይደለም። አንድ ነገር «እንዲህ መሆን አልነበረበትም» ወይም «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ማስተዋል ነው። ለዚህ የአገራችን ታላቁ ምሳሌ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የበሽታው አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። ልብስ በእንዶድ ማጠብ በአገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችንም ያየ ሰው አይጠፋም። አዲሱ ነገር ሁለቱን ማገናኘትና መጠየቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ካሉበት በላይ በወንዙ ውስጥ እንድትጨምር አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በመጀመሪያው ምልከታ ተመራማሪው ተፈጥሮ ያቀረበችለትን ብቻ ተቀብሏል። በሁለተኛው ግን አንድን ነገር ራሱ ለውጦ ውጤቱን ጠብቋል። በምልከታና በሙከራ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ብያኔ፦ ከመቁጠር በፊት ምን እንደምንቆጥር መወሰን

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ዓሦች ይህን ፏፏቴ ወደ ላይ መሻገር ስለማይችሉ የጣና ዓሦች ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች ተለይተው ኖረዋል።

ለመሆኑ በጣና ውስጥ ስንት ዓይነት ትልልቅ ባርበስ ዓሦች አሉ? ጥያቄው ለቆጠራ የቀረበ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ የሰበሰባቸውን ዓሦች በተለያዩ የዝርያ ስሞች መዘገበ። በ1940 ጣልያናዊው ጆርጆ ቢኒ በዝርዝሩ ላይ ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በ1973 ግን እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች እንደገና መርምሮ፣ የጣናዎቹ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ልዩነታቸውም በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ሰፊ የቅርጽ መለዋወጥ ነው ሲል ደመደመ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ የሆላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ዓሦቹን እንደገና አጠኑ። በ1994 ባወጡት ጽሑፍ 14 የተለያዩ የአካል ቅርጾችን ለዩ፤ በ2000 ደግሞ ዝርያዎቹ 15 መሆናቸውን አስታወቁ።

አንባቢ እዚህ ላይ «አንዱ ብዙ፣ አንዱ አንድ፣ አንዱ አሥራ አምስት የሚል ከሆነ ሳይንስ እርግጠኛ ነገር የለውም ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዓሦቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው «ዝርያ» ለሚለው ቃል የተሰጠው ብያኔና ብያኔውን ለመፈተን የተሰበሰበው መረጃ ነው። ዝርያ ማለት «መልካቸው የሚመሳሰል» ከተባለ አንድ መልስ ይገኛል፤ «እርስ በርሳቸው ብቻ የሚራቡ» ከተባለ ደግሞ ሌላ። የሆላንዶቹ ተመራማሪዎች የጭንቅላትን፣ የአፍንና የዓይንን ልክ ብቻ ለክተው አላቆሙም። እያንዳንዱ ዓይነት ምን እንደሚመገብ፣ በሐይቁ በየትኛው ክፍል እንደሚኖር፣ መቼና የት እንደሚራባም ጠየቁ። በጉማራ ወንዝ የተካሄዱት ጥናቶች ዓይነቶቹ በመራቢያ ጊዜና ቦታ የሚለያዩ መሆናቸውን የሚጠቁሙ ማስረጃዎች አስገኙ። ከ15ቱ መካከል ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን የሚበሉ አዳኞች መሆናቸውም ታወቀ። ባርበሶች የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ይህን ያህል አዳኝ በአንድ ሐይቅ ውስጥ መገኘቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ስለዚህ የምርምር የመጀመሪያው ቁም ነገር ብያኔ ነው። ብያኔው ደግሞ የሚለካ መሆን አለበት። «ትልቅ ዓሣ» የሚለው አነጋገር ለገበያ ይበቃል፤ ለምርምር ግን «ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ» መባል ይኖርበታል። እንዲህ ሲሆን ጎርጎራ ያለው ለኪና ባሕር ዳር ያለው ለኪ ስለ አንድ ነገር ይነጋገራሉ።

መላ ምት፦ ሊወድቅ የሚችል መልስ

መላ ምት የሚለው ቃል «መላ መታ» ከሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገር የመጣ ነው። በተለመደው ንግግር መላ መምታት ማለት ዝም ብሎ መገመት ነው። በሳይንስ ግን መላ ምት አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት፤ ይኸውም «እኔ ትክክል ከሆንሁ ይህን ታገኛላችሁ፤ ያን ካገኛችሁ ግን ተሳስቻለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው። ይህ አስቀድሞ የሚነገረው ነገር ትንበያ ይባላል። ምንም ነገር ቢከሰት የማይወድቅ መላ ምት ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሚያስተምረን ነገር የለም።

የጣና ዓሦች ታሪክ ለዚህም ምሳሌ ይሆነናል። በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በ1986 ተጀመረ። ማርቲን ደ ግራፍ፣ ተስፋዬ ውድነህና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ የትልልቅ ባርበሶች መጠን በ75 በመቶ መቀነሱን አመለከቱ። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሆኑት ታዳጊዎች ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሰው ነበር። ኑሮው በዓሣ ላይ ለተመሠረተ ሰው ይህ ቁጥር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌላቸው በመሆኑ ደግሞ ከዚህ ከጠፉ ከየትም ሊመጡ አይችሉም።

መንሥኤው ምን ሊሆን ይችላል? ቢያንስ ሦስት መላ ምቶችን መደርደር ይቻላል።

አንደኛ፦ ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ነው። ዝናብ፣ የሐይቁ ከፍታና የውኃው ድፍርስነት ከዓመት ዓመት ይለያያሉ። ይህ መላ ምት ትክክል ከሆነ በወንዝ በሚራቡት ባርበሶች ላይ የደረሰው ነገር በዚያው ውኃ በሚኖሩ ሌሎች ዓሦችም ላይ በተወሰነ ደረጃ ሊታይ ይገባል።

ሁለተኛ፦ አጥማጆች ትልልቆቹን ዓሦች ከመጠን በላይ ስለወሰዱ ነው። ይህ ብቻ ከሆነ የመረቡ ዓይን የሚይዛቸው ትልልቆቹ መቀነስ አለባቸው፤ መረቡ የማይዛቸው ታዳጊዎች ግን ወዲያው መቀነስ የለባቸውም።

ሦስተኛ፦ የጥፋቱ ቦታ መራቢያው ነው። ከባርበሶቹ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች በክረምቱና በክረምቱ ማብቂያ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ ስለሚሰባሰቡ በቀላሉ ይጠመዳሉ። ወንዝ ውስጥ ከገቡ በኋላም በተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ተመርዘው ይያዛሉ። ይህ መላ ምት ትክክል ከሆነ እንቁላል ጣዮቹ ሳይራቡ ስለሚያልቁ ከሁሉም በላይ መቀነስ ያለባቸው ታዳጊዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። ትልልቆቹ 75፣ ታዳጊዎቹ 90 በመቶ። በመረብ የማይያዙት ከሚያዙት ይልቅ ቀንሰዋል። ሁለተኛው መላ ምት ብቻውን ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ ሦስተኛው ግን ይህንኑ ተንብዮ ነበር። ተመራማሪዎቹም ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ ያገኙት ምክንያት ለመራባት የሚሰባሰቡት ዓሦች በመረብ መጠመዳቸውና በወንዞች ውስጥ በብርብራ መመረዛቸው መሆኑን ጽፈዋል።

«ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉ። «ተረጋገጠ» አላሉም። ሐይቁ አንድ ብቻ ስለሆነ ማስገር ያልተካሄደበት ሁለተኛ ጣና አምጥተን ማነጻጸር አንችልም። ሆኖም ቃሉ የተቆጠበ መሆኑ ጥቅም የለሽ አያደርገውም። የትኛውን መላ ምት እንደምንቀበል የምንወስደውን እርምጃ ይወስናል። መንሥኤው ዝናብ ከሆነ መጠበቅ ይበቃል። መንሥኤው የመረብ ብዛት ብቻ ከሆነ መረብ መቀነስ ያስፈልጋል። መንሥኤው መራቢያው ላይ ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ከማቆም ይልቅ በመራቢያው ወራት የወንዞቹን አፍ ነጻ ማድረግ ብዙ ዓሣ ያድናል፤ አጥማጁንም ብዙ አይጎዳም።

ተዛምዶና መንሥኤ

ሁለት ነገሮች አብረው መለወጣቸው ተዛምዶ ይባላል። አንዱ ሌላውን መለወጡ ግን መንሥኤነት ነው። ማስገር ከ1986 በኋላ አደገ፤ ዓሣውም ከዚያ በኋላ ቀነሰ። በእነዚያው ዓመታት ግን በሐይቁ ዙሪያ የሕዝብ ቁጥር አድጓል፤ ባሕር ዳር ሰፍታለች፤ ብዙ መንገድም ተሠርቷል። ከዓሣው ጋር ተዛምዶ ያለው ነገር ሁሉ መንሥኤ ከሆነ መንገድም ዓሣ ይገድላል ማለት ነው። ተዛምዶ ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም።

ከተዛምዶ ወደ መንሥኤ የምንሻገርበት ድልድይ ንጽጽር ነው። የቆጋን ግድብ እንውሰድ። የቆጋ ወንዝ የግልገል ዓባይ ገባር ሲሆን ግልገል ዓባይ ደግሞ ለጣና ከፍተኛውን ውኃ የሚያስገባ ወንዝ ነው። በመርዓዊ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በ2000ዎቹ የተገነባው ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማም የታቀደ ነው። ግድብ ወደ ላይ የሚወጡ ዓሦችን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ግልጽ ነው። ምን ያህል እንደዘጋ ለማወቅ ግን «ዛሬ ከግድቡ በላይ ዓሣ የለም» ማለት አይበቃም፤ ከግድቡም በፊት ላይኖር ይችላልና። የሚያስፈልገው አራት ልኬት ነው፦ በተገደበው ወንዝ ላይ ከግድቡ በፊትና በኋላ፣ እንዲሁም በሚመሳሰልና ባልተገደበ ወንዝ ላይ በእነዚያው ሁለት ጊዜያት። በተገደበው ወንዝ ላይ የታየው ለውጥ ካልተገደበው ለውጥ ከበለጠ ትርፉን ለግድቡ መስጠት ይቻላል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ከሥራው በፊት ያልተሰበሰበ መረጃ ከሥራው በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ሙከራ፦ በቆጋ ማሳ ላይ

አሁን ከሐይቁ ወጥተን ወደ ማሳው እንግባ። በሜጫና በአካባቢው የሚገኘው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች አሲዳማ ነው። መለኪያው በአሥር ብዜት የሚሄድ በመሆኑ ፒ ኤች 5 የሆነ አፈር ፒ ኤች 6 ከሆነው አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። አፈር በጣም ሲያሲድ አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ይጎዳል፤ በማዳበሪያ የተጨመረውም ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። ማሳው «ማዳበሪያ እየበላ ምርት የሚከለክለው» አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የተፈጨ ኖራ አሲዳማነቱን እንደሚቀንስ ይታወቃል።

ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ «በዚህ የመስኖ ማሳ ላይ በሄክታር 20 ኩንታል ኖራ ቢጨመር የስንዴ ምርት ይጨምራልን?»

እኛ የምንለውጠው ነገር፣ ማለትም ኖራው፣ ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። ውጤቱን የምንጠብቅበት፣ ማለትም ምርቱ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። የዘሩ ዓይነት፣ የማዳበሪያው መጠን፣ የውኃው ብዛትና የአረሙ ቁጥጥር እኩል ሆነው መያዝ ስላለባቸው ቋሚ ተለዋዋጮች ናቸው። ኖራ ያልተጨመረበት መደብ ማነጻጸሪያ ይባላል። ያለ ማነጻጸሪያ የተሠራ ሙከራ አንድ እግር እንዳለው ሰው ነው፤ ቆሞ ይታያል፣ ወደፊት ግን አይራመድም።

መደቦቹ 2 በ3 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ይሁኑ። በሄክታር 20 ኩንታል ማለት በ10,000 ካሬ ሜትር 2,000 ኪሎ ግራም ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር 200 ግራም፣ በአንድ መደብ 1.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። ኖራው ከመዘራቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይኖርበታል። ውኃ ኖራውን ከመደብ ወደ መደብ እንዳይወስደው በመካከላቸው መተላለፊያ ይተዋል።

ኖራው በየትኛው መደብ ላይ ይጨመር? ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ለቦዩ ቅርብ የሆነው ክፍል ብዙ ውኃ፣ ራቅ ያለው ጥቂት ውኃ ያገኛል። ኖራ የተጨመረባቸው ሁሉ በቦዩ ዳር ከሆኑ የኖራውን ሥራ ከውኃው ሥራ መለየት አይቻልም። ሁለት መንሥኤዎች እንዲህ ሲደባለቁ የመንሥኤ መወሳሰብ ይባላል። መፍትሔው ማሳውን ከቦዩ ባለው ርቀት በብሎክ መክፈልና በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ኖራው የሚጨመርበትን መደብ በዕጣ መወሰን ነው። ዕጣ የሙከራውን ውጤት ከሠሪው ምኞት ይጠብቀዋል። ምርቱን የሚመዝነው ሰውም የትኛው መደብ ኖራ እንዳገኘ ባያውቅ ይመረጣል።

ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን ምናባዊ ውጤት እንውሰድ። ከቦዩ በራቀው ብሎክ ያለ ኖራ 1.5፣ በኖራ 1.7 ኪሎ ግራም ስንዴ ተገኘ እንበል። በመካከለኛው 1.8 እና 2.0፣ በቅርቡ 2.1 እና 2.3 ይሁን። አማካዩ ያለ ኖራ 1.8፣ በኖራ 2.0 ነው። ብሎኮቹን ረስተን ብንመለከት ልዩነቱ የሚያጠግብ አይደለም፤ ኖራ ያላገኘው የቦይ ዳር መደብ ኖራ ካገኙት ከሁለቱ ይበልጣል። በየብሎኩ ስናነጻጽር ግን በሦስቱም ኖራው 0.2 ኪሎ ግራም ጨምሯል። መረጃው አንድ ነው፤ ትምህርቱ የተገኘው ግን ከንድፉ ነው።

ይሁንና ለመደምደም አንቸኩል። ኖራ ምንም አይሠራም ብለን «ልዩነት የለም» ከሚለው መላ ምት እንነሣ። ይህ እውነት ከሆነ በእያንዳንዱ ብሎክ ኖራው የመብለጥ ዕድሉ ሳንቲም እንደመጣል ነው፤ ሦስቱም በአጋጣሚ ወደ ኖራው የማድላት ዕድላቸው 1/2 × 1/2 × 1/2፣ ማለትም ከስምንት አንድ ነው። ይህ በቀላሉ ሊደርስ የሚችል አጋጣሚ ነው። ስድስት ብሎክ ቢኖረንና ሁሉም ወደ ኖራው ቢያደሉ ግን ዕድሉ ከ64 አንድ ይሆናል። ሙከራን መደጋገም ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ድግግሞሽ አጋጣሚን ያዳክመዋል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። በመደብ 0.2 ኪሎ ግራም ማለት በሄክታር 3.3 ኩንታል ገደማ ነው። ይህ ጭማሪ የ20 ኩንታል ኖራን ዋጋ፣ የማጓጓዣውንና የጉልበቱን ወጪ ይሸፍናልን? ኖራ ለበርካታ ዓመታት የሚሠራ ስለሆነ የአንድ ወቅት ምርት ብቻውን መልስ አይሆንም። «ልዩነት አለ» እና «ልዩነቱ ይጠቅማል» ሁለት የተለያዩ ድምዳሜዎች ናቸው። ሁለቱን ያደባለቀ ተመራማሪ ገበሬውን ያከስራል።

ሐቅ፣ ሕግና ንድፈ ሐሳብ

ብዙ ተማሪዎች «ንድፈ ሐሳብ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል» ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሕግ ነገሮች እንዴት እንደሚሆኑ በአጭሩ የሚገልጽ ነው፤ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ ብዙ ሐቆችን በአንድነት አያይዞ የሚያስረዳ ነው። አንዱ የሌላው ታናሽ አይደለም።

ወደ ጣና እንመለስ። ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ሥር ያወጡትን የደለል ናሙና መርምረው ውጤታቸውን በ2007 አሳተሙ። ደለሉ ንብርብር እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ከታች የቆየው፣ ከላይ አዲሱ ይገኛል። በዚህም መሠረት ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር። ከዚያም ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት የሐይቁ መካከል የደንገል ረግረግ ነበር። ከ14,750 ዓመታት ገደማ በፊት ግን ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ።

ይህ ሐቅ ከዓሦቹ ጋር ሲገናኝ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። ሐይቁ ደርቆ ከነበረ 15ቱ ዝርያዎች ከየት መጡ? ወይ ከሐይቁ መሙላት በኋላ ከጥቂት ወላጆች በፍጥነት ተለያይተዋል፤ ወይም በገባር ወንዞች ውስጥ ተጠልለው ክፉውን ዘመን አሳልፈዋል። ሁለቱም መላ ምቶች ትርጉም የሚኖራቸው በተፈጥሯዊ ምርጦሽ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ነው። ንድፈ ሐሳብ መልስ ብቻ አይሰጥም፤ የሚጠየቀውንም ያሳያል። የዓሣ ተመራማሪው ጥያቄ ከደለል ተመራማሪው ጓዳ መልስ ማግኘቱም የሳይንስ ዘርፎች በአንድ ግንድ ላይ ያሉ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ያስታውሰናል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሳይንሳዊ ዘዴ ከአንድ እስከ አምስት ተቆጥሮ የሚያልቅ ደረጃ አይደለም። ባኒስተር ከደመደመ በኋላ ሌሎች እንደገና ወደ ምልከታ ተመልሰዋል፤ የደለሉ መረጃ የዓሦቹን ጥያቄ እንደ አዲስ ከፍቷል። ዘዴውን ዘዴ የሚያደርገው እያንዳንዱ አባባል ሌላ ሰው ሊፈትሸው በሚችል መንገድ መቅረቡ ነው። ለዚህም ነው ተመራማሪ የሠራበትን መንገድ በዝርዝር የሚጽፈው፤ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በሙያ አቻዎቹ የሚገመገመው።

ለአንባብያን የሚከተለውን የቤት ሥራ እንተዋለን። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበውን እምቦጭ አረም ውሰዱ። «እምቦጭ ዓሣ ይቀንሳል» የሚለውን አባባል ወደሚፈተን መላ ምት ለውጡት፤ ነጻና ጥገኛ ተለዋዋጩን ለዩ፤ ማነጻጸሪያችሁ የቱ እንደሚሆንና ምን ብታገኙ መላ ምታችሁ እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ ጻፉ። የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የቻለ ተማሪ የምርምርን ቋንቋ መናገር ጀምሯል።

የቃላት መፍቻ

ብያኔ፦ አንድን ነገር ሁሉም በአንድ መልክ እንዲለካው አድርጎ መወሰን።

መላ ምት፦ በመረጃ ሊፈተንና ሊወድቅ የሚችል ጊዜያዊ መልስ።

ትንበያ፦ መላ ምቱ ትክክል ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት አስቀድሞ መናገር።

ነጻ ተለዋዋጭ፦ ተመራማሪው ሆን ብሎ የሚለውጠው ነገር።

ጥገኛ ተለዋዋጭ፦ በለውጡ ምክንያት ይለወጥ እንደሆነ የሚለካው ነገር።

ማነጻጸሪያ፦ የሚፈተነው ነገር ያልደረሰበት፣ በሌላው ሁሉ ግን እኩል የሆነ ክፍል።

ድግግሞሽ፦ የአጋጣሚን ድርሻ ለመቀነስ ሙከራውን በብዙ ክፍሎች ላይ መሥራት።

ተዛምዶ፦ ሁለት ነገሮች አብረው መለወጣቸው፤ ብቻውን የመንሥኤ ማስረጃ የማይሆን።

ንድፈ ሐሳብ፦ ብዙ የተፈተኑ ሐቆችን በአንድነት የሚያስረዳና አዳዲስ ጥያቄዎችን የሚያፈልቅ ማብራሪያ።